ጠይቀው ያደመጡ ሐኪም፤ ዶክተር ማግኑስ ሂርሽፌልድ

ዶክተር ማግኑስ ሂርሽፌልድ የተወለዱት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሜይ 14 ቀን 1868፣ ዛሬ በፖላንድ ግዛት በምትገኘው በኮልበርግ ከተማ ነበር። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) አባታቸው አይሁዳዊ ሐኪም ነበሩ፤ እርሳቸውም በ1892 በሕክምና ዶክትሬት ተቀበሉ።

ሥራ በጀመሩባቸው ዓመታት ከታካሚዎቻቸው አንዱ የነበረ ወጣት የጦር መኮንን በሠርጉ ዋዜማ ራሱን ገደለ። በተወላቸው ደብዳቤ ለወላጆቹ ሊናገር ያልደፈረውን የተመሳሳይ ጾታ ፍቅሩን ገልጦ፣ ታሪኩ ለሌሎች እንዲጠቅም አደራ አላቸው። ሂርሽፌልድ በ1897 በርሊን ውስጥ ሳይንሳዊና ሰብአዊ ኮሚቴ የተባለውን ማኅበር ሲያቋቁሙ ይህ አደራ ከልባቸው አልወጣም ነበር።

በ1910 ያሳተሙት መጽሐፍ የ17 ሰዎችን የሕይወት ታሪክ የያዘ ነው። ከተወለዱበት ጾታ ልብስ ይልቅ የሌላውን መልበስ የሚሹትን እነዚህን ሰዎች ሐኪሙ ስለ ልጅነታቸው ጠየቋቸው። ብዙዎቹም ስሜቱ ከሕፃንነታቸው አብሯቸው የኖረ መሆኑን መሰከሩ። ሂርሽፌልድ ያወጡላቸው ስያሜ በልብስ ላይ የተመሠረተ ስለ ነበር ጠባብ ሆኖ ቀርቷል፤ ታሪኮቹ ግን ከስያሜው የሰፉ ነበሩ። (በአማርኛም ወንዳገረድ የሚለው ቃል ስለ ሥጋ እንጂ ሰው ስለ ራሱ ስለሚሰማው ነገር አይናገርም።) በዚያው ዘመን የበርሊን ፖሊስ በሐኪም ማስረጃ ላይ ተመሥርቶ፣ እነዚህ ሰዎች በመረጡት ልብስ በጎዳና ሲሄዱ እንዳይያዙ የፈቃድ ወረቀት መስጠት ጀመረ።

በ1919 የጾታ ሳይንስ ተቋምን በርሊን ውስጥ ከፈቱ። ወደ ተቋሙ የሚመጣው ሰው ከመቶ የሚበልጡ ጥያቄዎች ያሉትን ቅጽ ስለ ዘሩ፣ ስለ ልጅነቱና ስለ ስሜቱ በገዛ እጁ ይሞላ ነበር። በሺህ የሚቆጠሩ ቅጾች ተከማቹ። በገረድነት እዚያ ያገለገለችው ዶራ ሪኽተር በወንድነት ተወልዳ በሴትነት የኖረች ስትሆን፣ ጾታን ለመለወጥ የሚደረገውን ቀዶ ሕክምና ቀድመው ካገኙት ሰዎች አንዷ ናት።

የሂርሽፌልድ ሥራ ነቀፌታ የሌለበት አልነበረም። በዘመኑ ብዙ ሐኪሞች የተቀበሉትን፣ የሰውን ዘር በምርጫ ማሻሻል ይቻላል የሚለውን አስተሳሰብ እርሳቸውም ደግፈዋል፤ ይህም ከአዛኝነታቸው ጋር ፈጽሞ አይስማማም።

ናዚዎች ሥልጣን በያዙበት በ1933፣ ሜይ 6 ቀን፣ ተማሪዎች በሙዚቃ ጓድ ታጅበው ተቋሙን ዘረፉ። ከአራት ቀን በኋላ መጻሕፍቱ በአደባባይ ተቃጠሉ። በስደት ላይ የነበሩት ሂርሽፌልድ ቃጠሎውን ፓሪስ ውስጥ በሲኒማ የዜና ፊልም ላይ ተመለከቱ። ሰዎች ሐኪማቸውን አምነው የጻፉት ምስጢር በጠላት እጅ የመውደቁ ሥጋት ከመጻሕፍቱ ቃጠሎ የከፋ ነበር፤ የሰውን ሕይወት የሚመዘግብ ባለሙያ ሁሉ ይህን አደጋ ያውቀዋል። ዶራ በዚያ ወረራ ተገድላለች ተብሎ ለብዙ ዘመን ሲታመን ኖሮ፣ እስከ 1966 በሕይወት መቆየቷ በቅርብ ዓመታት በተገኙ መዛግብት ታውቋል።

ሂርሽፌልድ በ1935፣ 67 ዓመት በሞላቸው ዕለት፣ ፈረንሳይ ውስጥ በኒስ ከተማ ዐረፉ። የመጨረሻ ደቀ መዝሙራቸው ቻይናዊው ሊ ሺዩ ቶንግ የመምህሩን ወረቀቶች በየሄደበት አገር ተሸክሞ ኖረ። እርሱም በ1993 በካናዳ ቫንኩቨር ሲሞት ሻንጣው ከቆሻሻ ጋር ተጣለ፤ አንድ ጎረቤት ግን አነሣው። ውስጡ የሂርሽፌልድ ማስታወሻ ደብተርና ከሞቱ በኋላ ከፊታቸው የተቀረጸው ምስል ነበሩበት።