ጋሪ ኪልዳል፦ ማሽኑን ከሥርዓቱ የለየ መሐንዲስ

ጋሪ ኪልዳል እ.ኤ.አ. በ1942 በሲያትል ተወለደ። በ1972 ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪውን አገኘ፤ በሞንተሬይ በሚገኘው የባሕር ኃይል የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤትም አስተማረ። በ1974 ለኢንቴል 8080 ፕሮሰሰር ሲፒኤም የተሰኘውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሠራ።

አምራቾች ሲበዙ ግን ችግር ተፈጠረ። የማሽኖቹ የዲስክ መቆጣጠሪያ የተለያየ በመሆኑ ሥርዓቱ ለእያንዳንዱ እንደ አዲስ መስተካከል ነበረበት። ኪልዳል ከማሽን ማሽን የሚለዋወጠውን ኮድ ለብቻው አውጥቶ ባዮስ አለው፤ ቀሪው ክፍል ሳይነካ በብዙ ዓይነት ኮምፒውተሮች ላይ ሠራ።

በ1981 አይቢኤም የግል ኮምፒውተሩን ለገበያ አቀረበ፤ የማይክሮሶፍትን ዶስ በርካሽ፣ ሲፒኤምን በውድ ዋጋ ሸጠ፤ ገዢው ወደ ዶስ አዘነበለ። ኪልዳል በ1994 በ52 ዓመቱ ዐረፈ።

የለየው ድንበር ዛሬም በሥራ ላይ ነው። በሊኑክስ በሚሠራ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ የሙቀት ሴንሰር ሲገጠም፣ የሴንሰሩ ዓይነትና በአይቱሲ መስመር ላይ ያለው አድራሻ ዲቫይስ ትሪ በተባለ ፋይል ይገለጻል። ባዮስ ኮድ ነበር፤ ዲቫይስ ትሪ መግለጫ ብቻ ነው። መርሁ ግን አንድ ነው፦ ሰሌዳው ሲለወጥ መግለጫው ይለወጣል፤ የሴንሰሩ ድራይቨር እንዳለ ይቀጥላል።