የሮሪ ጋላኸር የመጀመሪያ ሸክላ

በ1970 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ላይ የ22 ዓመቱ አየርላንዳዊ ጊታር ተጫዋች ሮሪ ጋላኸር ስሙን ካስጠራለት «ቴስት» ከተባለው የሙዚቃ ጓድ ተለየ። ጓዱ በዚያው ዓመት ክረምት በእንግሊዝ አገር በዋይት ደሴት እጅግ ብዙ ሕዝብ በተሰበሰበበት ተጫውቶ አድናቆትን አትርፎ ነበር። ዳሩ ግን ስለ አስተዳደርና ስለ ገንዘብ የተነሣው አለመግባባት እየከረረ በመሄዱ ሦስቱ ወጣቶች ተለያዩ። ተማሪዎች ሆይ፤ ይህ ወጣት ከዚያ በኋላ የሚተማመንበት ምን ቀረው ትላላችሁ? ቀለሟ የተላላጠ አንዲት ጊታር ነበረችው።

የጊታሯን ነገር ለመረዳት ወደ ልጅነቱ መመለስ ያስፈልገናል። ሮሪ በ1948 ባሊሻነን በተባለች ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ በኤርን ወንዝ ላይ ይሠራ በነበረው የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። እናቱ ኋላ እርሱንና ታናሽ ወንድሙን ይዛ ወደ ኮርክ ከተማ ሄደች። 9 ዓመት ሲሞላው ወላጆቹ ጊታር ገዙለት፤ እርሱም ማታ ማታ በሬዲዮ የሚሰማውን የጥቁር አሜሪካውያን ብሉዝ እያዳመጠ ያለ አስተማሪ መጫወትን ተማረ።

በ1963 በኮርክ በአንድ የሙዚቃ መሣሪያ መደብር ውስጥ ሌላ ሰው ተጫውቶባት የተመለሰች ፌንደር ስትራቶካስተር አየ። ዋጋዋ 100 ፓውንድ ያህል ነበር። ለ15 ዓመት ልጅ ይህ ምን ያህል ከባድ ዕዳ እንደ ነበረ ልብ በሉ! በዱቤ ወሰዳት፤ ዕዳውንም ለመክፈል በየዳንስ አዳራሹ ከሚዞር ጓድ ጋር ተቀላቅሎ፥ የማይወዳቸውን ዘፈኖች ጭምር ይጫወት ጀመር። አንድ ጊዜም በደብሊን ተሰርቃ፥ ከቀናት በኋላ በቦይ ውስጥ ተጥላ ተገኘች። ቀለሟን ያላላጠው ይህ ነው የሚሉ አሉ፤ ሌሎች ደግሞ የባለቤቷ ላብ ነው ይላሉ። እርሱ ግን ዳግመኛ አላስቀባትም።

እንግዲህ ወደ 1970 እንመለስ። ሮሪ ጓዱን ከተለየ በኋላ፥ ከጂሚ ሄንድሪክስ ጋር ይጫወቱ ከነበሩት ከኖኤል ሬዲንግና ከሚች ሚቸል ጋር አብሮ ሞከረ። እነርሱን ቢይዝ ኖሮ ዝናቸው ብቻውን ሸክላውን ይሸጥለት ነበር። እርሱ ግን የመረጠው ሁለት የቤልፋስት ልጆችን፥ ባስ ጊታር ተጫዋቹን ጄሪ ማክአቮይንና ድራም መቺውን ዊልጋር ካምቤልን ነው። በእኔ ግምት ከዚህ የበለጠ ድፍረት በሕይወቱ አላሳየም፤ ሸክላው ቢወድቅ የሚያሳብብበት ሰው አልነበረውምና።

ቀረጻው በለንደን አድቪዥን ስቱዲዮ ተከናወነ። ዐሥሩም ዘፈኖች የራሱ ድርሰቶች ሲሆኑ፥ ከጊታሩና ከድምፁ ሌላ ማንዶሊን፥ ሃርሞኒካና ሳክስፎን ተጫወተ። በሁለቱ ዘፈኖች ቪንሰንት ክሬን ፒያኖ መታለት። አንዱን ዘፈን የደረሰው ይኖርበት ከነበረው ቤት ሥር ስለ ነበረው የልብስ ማጠቢያ ነው፤ ይህም ለዘፈን የማይሆን ተራ ነገር እንደሌለ ያሳያችኋል። ሸክላው በሜይ 1971 ሲወጣ መጠሪያው «ሮሪ ጋላኸር» ብቻ ሆነ። ሁለተኛውም በዚያው ዓመት ተከተለ።

ማክአቮይ ለ20 ዓመታት ያህል ከአጠገቡ አልተለየም። በሰሜን አየርላንድ ደም በሚፈስበት ዘመን ብዙ ሙዚቀኞች ከቤልፋስት ሲሸሹ፥ ሮሪ በ1974 መጀመሪያ ላይ ሄዶ ተጫወተ። ካቶሊኩም ፕሮቴስታንቱም በአንድ አዳራሽ ገብቶ ሰማው።

በ1995 ጉበቱ ተቀይሮለት ሳለ በ47 ዓመቱ ለንደን ውስጥ አረፈ። በዱቤ የተገዛችው ጊታር በ2024 ከ800 ሺህ ፓውንድ በላይ በጨረታ ተሸጣ ለአየርላንድ ብሔራዊ ሙዚየም ተሰጠች፤ ቀለሟም እንደ ተላላጠ ነው።