የልብስ ሰፊዋ ሐኪም፤ አልድሬድ ዋርቲን

አልድሬድ ስኮት ዋርቲን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1866 በአሜሪካ፣ በኢንዲያና ተወለደ። በወጣትነቱ ሙዚቃ ተማረ፤ ኋላ ግን ሕክምናን መርጦ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የፓቶሎጂ መምህር ሆነ። ከሕሙማን የተቆረጠ የሥጋ ናሙና እየመረመረ በመዝገብ ያኖር ነበር።

በ1895 አንዲት ልብስ ሰፊ እጅግ አዝና አገኛት። ከዘመዶቿ ብዙዎቹ በሆድ፣ በአንጀትና በማሕፀን ነቀርሳ ስለ ሞቱ እርሷም በዚያው እንደምትሞት ነገረችው። በጎንደር ለቅሶ ቤት ስለ ሟች ዘመዶች የሚወራውን ዐይነት ወሬ ነው፤ ሌላ ሐኪም ቢሆን ሰምቶ ባለፈው ነበር። ሴትዮዋ ሳትሸመግል በማሕፀን ነቀርሳ ሞተች። ዋርቲን የቤተሰቡን የዘር ሐረግ እየተከታተለ ጽፎ በ1913 አሳተመ። ብዙዎች አላመኑትም። ለዘር ማጥራት አሳብ ማድላቱን ግን ልንሸሽግለት አይገባም። በ1931 ዐረፈ።

በ2000 በዚሁ ቤተሰብ ውስጥ የተበላሸው ጂን ተገኘ። ጂኑ ጤነኛ ሲሆን፣ ዲ.ኤን.ኤ. ሲገለበጥ የሚፈጠረውን ስሕተት የሚያርም ፕሮቲን ያሠራል፤ ሲበላሽ የአንጀት፣ የማሕፀንና የእንቁልጢ ነቀርሳ በቤተሰቡ ይበዛል። ዛሬ የፕሮቲኑ መጉደል ከዕጢ በተቆረጠ ስስ ቅንጣት ላይ፣ በቀለም፣ በማይክሮስኮፕ ይታያል።