ሰውን በአማካይ የለካው የሥነ ፈለክ ሊቅ

አዶልፍ ኬትሌ ዛሬ በቤልጅግ በምትገኘው በጌንት ከተማ እ.ኤ.አ. በ1796 ተወለደ። በ1819 በሒሳብ የዶክትርነት ማዕርግ ተቀበለ፤ በኋላም የብራስልስን የሥነ ፈለክ ምርምር ጣቢያ አቋቁሞ መራ። የዘመኑ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት የአንድን ኮከብ ሥፍራ ደጋግመው ለክተው አማካዩን ይወስዱ ነበር። ኬትሌ ይህንኑ ዘዴ ወደ ሰው ልጅ አዞረው፤ በ1835 ባሳተመው መጽሐፍም ስለ አማካዩ ሰው በሰፊው ጻፈ። አካል በቁመት፣ በወርድና በውፍረት እኩል የሚያድግ ቢሆን ኖሮ ክብደት ከቁመት ኪዩብ ጋር በተመጣጠነ ነበር። ልኬቱ ግን የአዋቂዎች ክብደት ይበልጥ የሚቀርበው ከቁመታቸው ካሬ ጋር መሆኑን አሳየው። ድካሙ የብዙኃኑን ሥርዓት ለማወቅ እንጂ በአንድ ሰው ጤና ላይ ለመፍረድ አልነበረም፤ ብዙዎች የሚስቱት ይህን ነው። በ1855 ያገኘው የአንጎል ሕመም የማስታወስ ኃይሉን አዳከመው፤ ሥራውን ግን ሳይተው በ1874 በብራስልስ አረፈ።

አሜሪካዊው አንሰል ኪስና ባልደረቦቹ ለቀመሩ ቢ.ኤም.አይ. የተባለውን ስም የሰጡት ከሞቱ 98 ዓመት በኋላ፣ በ1972 ነው። ዛሬ ቁመቱ 1.75 ሜትር፣ ክብደቱም 92 ኪሎ የሆነ ሰው ውጤቱ 30 ይሆንና ከመጠን በላይ ወፍራም ተብሎ ይመዘገባል፤ ክብደቱ የስብ ይሁን የጡንቻ ቀመሩ አይለይም።