ኒኮላ ቴስላ፦ ጀልባን በአየር ያዘዘው፣ ከባትሪ ግን ያልተላቀቀው ሊቅ

በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1898፣ ከዐድዋ ድል ሁለት ዓመት በኋላ፣ ኒውዮርክ በሚገኘው ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን የኤሌክትሪክ ዐውደ ርእይ ተካሄደ። በአዳራሹ በተዘጋጀ የውኃ ገንዳ ላይ ከአንድ ሜትር ጥቂት የምትረዝም ጀልባ ተንሳፈፈች። ገመድ አልተሳበላትም፤ የሚነካትም ሰው አልነበረም። ባለቤቷ ከገንዳው ራቅ ብሎ መቆጣጠሪያውን ሲነካ ትሄዳለች፣ ትታጠፋለች፣ ትቆማለች፣ መብራቷንም ታበራለች። ከተመልካቹ መካከል ነገሩን አስማት ነው ያለ ነበር፤ በውስጧ የሠለጠነ ዝንጀሮ ተደብቋል ብሎ የጠረጠረም እንደነበር ይነገራል።

የጀልባዋ ባለቤት ኒኮላ ቴስላ ነበር። በሆዷ የተደበቀውም ዳግም የሚሞላ ባትሪ ነበር። ትእዛዙ በሬዲዮ ሞገድ በአየር ይደርሳታል፤ የሚያንቀሳቅሳት ጉልበት ግን ከባትሪዋ ይመጣል። ቴስላ ቀጣዮቹን ዓመታት ያሳለፈው ጉልበቱንም እንደ ትእዛዙ በአየር ለመላክ ሲታገል ነው።

የቄሱ ልጅ

ቴስላ በ1856 በዛሬዋ ክሮኤሺያ፣ ስሚልያን በምትባል መንደር ከሰርብ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ የኦርቶዶክስ ቄስ ነበሩ፤ ልጃቸውም በእርሳቸው እግር እንዲተካ ይመኙ ነበር። እናቱ ፊደል ባይቆጥሩም የቤት መገልገያዎችን በገዛ እጃቸው የሚሠሩ ብልህ ሴት ነበሩ። ቴስላ የፈጠራ ስጦታውን የወረሰው ከእርሳቸው እንደሆነ ያምን ነበር።

በኦስትሪያዋ ግራዝ የጀመረውን ትምህርት ሳይፈጽም አቋረጠ። በቡዳፔስትና በፓሪስ ከሠራ በኋላ በ1884 ኒውዮርክ ደረሰ። በቶማስ ኤዲሰን ኩባንያ የቆየው ጥቂት ወራት ብቻ ነው። በ1888 የጆርጅ ዌስቲንግሀውስ ኩባንያ በቴስላ የተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ፈጠራዎች የመጠቀም መብት አገኘ። በ1895 ቤተ ሙከራው ከነመሣሪያው በእሳት ወደመ። በቀጣዩ ዓመት ግን ከናያጋራ ፏፏቴ የመነጨው ኃይል በዚሁ ሥርዓት ቡፋሎ ከተማን ማብራት ጀመረ።

ከባዱ ባትሪ

ጀልባዋ በተሠራችበት ዘመን በሰፊው አገልግሎት ላይ የነበረው ዳግም የሚሞላ ባትሪ ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 የፈለሰፈው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ነው። ስዊድናዊው ዋልደማር ዩንግነር የኒኬልና ካድሚየም ባትሪን ይዞ የመጣው ከትርኢቱ በኋላ፣ በ1899 ነው። የእርሳስ ባትሪ ክብደቱ ብዙ፣ የሚያከማቸው ኃይል ግን ጥቂት ነው። በጀልባ ላይ ክብደት ሁልጊዜ ጉዳት አይደለም፤ ከታች በኩል ሲቀመጥ እንዳትገለበጥ ያረጋጋታል። ሆኖም በዝቶ ሲጫን ያዘገያታል፤ ባትሪው ሲያልቅም የሬዲዮው ትእዛዝ ከንቱ ይሆናል።

ቴስላ በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ለፈጠራው 613,809 ቁጥር ያለው የባለቤትነት መብት አገኘ። አሜሪካ ከስፔን ጋር የተዋጋችበት ዓመት ስለነበር፣ ሰው ሳይሳፈርባቸው የሚዋጉ ጀልባዎች እንደሚመጡ አስቦ ነበር። የአገሪቱ ባሕር ኃይል ግን ሐሳቡን አልተቀበለም። የመብቱ ዘመን በ1915 ሲያበቃ ቴስላ ከፈጠራው ያገኘው ጥቅም አልነበረም።

ባትሪን የማስቀረት ሕልም

በ1899 ወደ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ አቅንቶ የኤሌክትሪክ ኃይልን ያለ ሽቦ የመላክ ሙከራ ጀመረ። በ1901 ባለጸጋው ጄ. ፒ. ሞርጋን በሰጠው 150,000 ዶላር በሎንግ አይላንድ ዋርደንክሊፍ የተባለውን ግንብ መገንባት ያዘ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ግን ጉልየልሞ ማርኮኒ ብዙ ርካሽ በሆነ መሣሪያ የሬዲዮ ምልክት አትላንቲክን አሻገረ። ሞርጋንም ተጨማሪ ገንዘብ አልሰጥም አለ። ሥራው ቆመ፤ ቴስላ ዕዳ ውስጥ ገባ፤ ግንቡም በ1917 ፈረሰ።

ቴስላ ትዳር አልያዘም። የመጨረሻ ዓመታቱን ያሳለፈው በኒውዮርክ ሆቴሎች እርግቦችን እየመገበ ነው። በ1943፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ታኅሣሥ 29 ቀን 1935፣ በገና ዕለት፣ በሆቴል ክፍሉ ብቻውን ሳለ በ86 ዓመቱ አረፈ። ከወራት በኋላ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቴስላን ጨምሮ ሌሎች ቀድመው የሠሩትን መርምሮ የማርኮኒን ዋና የሬዲዮ መብት በከፊል ሻረ። በ1960 የመግኔት መስክ ጥንካሬ መለኪያ በስሙ ተሰየመ።

ሸክሙ ቀለለ እንጂ አልቀረም

ናይሮቢ የባቡር ጣቢያ ሆና የተቆረቆረችው ከጀልባዋ ትርኢት በኋላ በዓመቱ ነው። ዛሬ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ጭምር ባሉበት የከተማዋ ሁርሊንግሃም ሰፈር ለልጁ በሬዲዮ የምትዘወር ጀልባ የሚገጣጥም አባት ቢኖር፣ የቴስላ ጥያቄ እርሱንም ይገጥመዋል። ልዩነቱ ምርጫው መብዛቱ ነው።

ዝግ ብላ ለምትጓዝ ከባድ ጀልባ የእርሳስ ባትሪ ዛሬም ያገለግላል፤ ክብደቱ ራሱ ሚዛን ይሆናታል። መካከለኛ ፍጥነት ላላት፣ እያንዳንዱ ሴል 1.2 ቮልት የሚሰጠው የኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ባትሪ ለጀማሪ ይስማማል፤ ስድስት ሴሎች ተቀጣጥለው 7.2 ቮልት ይሆናሉ። ለፈጣን ጀልባ የሚመረጠው ሊቲየም ፖሊመር ነው። የአንዱ ሴል ኃይል 3.7 ቮልት ሲሆን፣ በእኩል ክብደት ከእርሳስ ባትሪ አራትና አምስት እጥፍ ኃይል ሊይዝ ይችላል።

ከመግዛት በፊት ስሌት ያስፈልጋል። ሞተሩ በአማካይ 10 አምፔር የሚስብ ከሆነ፣ 5 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል። ባትሪው ያን ያህል ኃይል በአንዴ መስጠት መቻሉም መረጋገጥ አለበት። የሊቲየም ሴል ከ3 ቮልት በታች ከወረደ ይበላሻል፤ ያበጠ ወይም ውኃ የገባበት ደግሞ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል መልሶ መሙላት አይገባም። ሴሎቹን እኩል በሚያመጣጥን ቻርጀር፣ ሰው አጠገቡ እያለ መሙላትም ግድ ነው።