እቴጌ መነን አስፋውና በሕይወታቸው የቀበሯቸው ልጆች

ከሐይቅ በስተሰሜን የሚዘረጋው አምባሰል ጃንጥራር በሚል ማዕረግ በሚጠሩ ባላባቶች ሲገዛ የኖረ አገር ነው። እቴጌ መነን በ1883 ዓ.ም. የተወለዱት ከአምባሰሉ ገዥ ከጃንጥራር አስፋውና ከወሎው ንጉሥ ሚካኤል ልጅ ከወይዘሮ ስኂን ነው። በደሴ የሚገኘው ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ የሚጠራው በእኚሁ እናታቸው ስም ነው።

የታሪክ ጸሐፊዎች እቴጌይቱን የሚያነሷቸው በአብዛኛው የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ባለቤት፣ የትምህርት ቤት መሥራችና የቤተ ክርስቲያን ደጋፊ በመሆናቸው ነው። እናትነታቸው ግን ከዘር ሐረግ ዝርዝር አልፎ አይታይም። ይሁንና የልጆቻቸው ሞት ከቤተሰብ ሐዘን አልፎ የአገሪቱን የሕክምና ታሪክ የነካ ነው።

መነን ከደጃዝማች ተፈሪ መኰንን ጋር በ1903 ዓ.ም. ከመጋባታቸው በፊትም ልጆች ወልደው ነበር። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ሲያጠቃ ባለቤታቸው በጽኑ ታመው ተርፈዋል፤ እርሳቸውም በዚያ ጊዜ የጨቅላ ልጆች እናት ነበሩ። ወረርሽኙ ያለፋቸው ልጆች ሁሉ ግን ዕድሜ አልጠገቡም።

ልዕልት ዘነበወርቅ ገና በልጅነታቸው ለትግራዩ ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ ተዳሩ። ጋብቻው የማዕከላዊውን መንግሥትና የትግራይን መሳፍንት ለማስተሳሰር የታሰበ ነበር። ልዕልቲቱ ብዙም ሳይቆዩ ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላቸው በመቀሌ አረፉ፤ ስለ አሟሟታቸውም በጊዜው ብዙ ተወራ። የፖለቲካው ስሌትም አልሠመረም፤ ደጃዝማቹ በ1928 ዓ.ም. ለጣሊያን አደሩ። ከዚህ ጋብቻ ለአገር የተረፈው በልዕልቲቱ ስም የተሰየመው የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የልዕልት ፀሐይ ታሪክ ከዚህ የተለየ ነው። ቤተሰቡ በ1928 ዓ.ም. ሲሰደድ ልዕልቲቱ የአሥራ ስድስት ዓመት ወጣት ነበሩ። በለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በተባለው የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው የታመሙ ሕፃናትን መንከባከብ ተማሩ፤ በ1931 ዓ.ም. በሕፃናት ነርስነት ተመዘገቡ። ለንጉሥ ልጅ የሌሊት ተረኝነትና የሕፃን አልጋ ማንጠፍ ያልተለመደ ሥራ ነበር። ከነጻነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው ዐቢይ አበበን አገቡ። ሆኖም የሌሎችን ሕፃናት ለማዳን የሠለጠኑት ልዕልት በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ከወሊድ ጋር በተያያዘ ሕመም በነቀምት ሞቱ። ዕድሜያቸው ሃያ ሁለት ነበር።

እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት በአገራቸው ገንዘብ በማሰባሰብ በልዕልት ፀሐይ ስም ሆስፒታል እንዲሠራ ደከሙ፤ ሆስፒታሉም በ1940ዎቹ በአዲስ አበባ ተከፈተ። እቴጌ መነን በ1949 ዓ.ም. ደግሞ ልጃቸውን ልዑል መኰንንን በመኪና አደጋ አጡ። እርሳቸውም በየካቲት 1954 ዓ.ም. አረፉ፤ የመጨረሻው ልጃቸው ልዑል ሣህለ ሥላሴም በዚያው ዓመት ከሁለት ወር በኋላ ተከተሏቸው።

ሁለቱ ሆስፒታሎች እኩል ዕድል አልገጠማቸውም። የፀሐይ ሆስፒታል ከአብዮቱ በኋላ ስሙ ተለውጦ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ሆነ። የሥጋ ደዌው ሆስፒታል ቅጥርም በኋላ አለርት የተባለው ማእከል መቀመጫ ሆኗል፤ የሰፈሩ ሰው ግን አካባቢውን እስከ ዛሬ ዘነበወርቅ ይለዋል።