አል-ሐጅ ማሊክ ሻባዝ (ማልኮም ኤክስ)፦ ሥርዓቱን አውቆ የታገለ ሙስሊም



ማልኮም ኤክስን አብዛኞቻችን የምናውቀው በድፍረቱና በሐጁ ነው። በዚህ ዕትም ብዙ የማይነሳለትን ሥራ እናስታውሳለን፤ የአገሩ መንግሥት እንዴት እንደሚሠራ ተምሮ ለሕዝቡ ማስተማሩን። (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ማልኮም በ1925 በነብራስካ ግዛት፣ ኦማሃ ከተማ ተወለደ። በስድስት ዓመቱ አባቱን አጣ። ጎበዝ ተማሪ ነበር፤ ጠበቃ የመሆን ምኞቱን ሲናገር ግን መምህሩ ለጥቁር ልጅ የማይታሰብ ነው ብሎ ተስፋ አስቆረጠው። ትምህርቱን አቋረጠ፣ ወደ ወንጀል ገባ፣ በ1946 በስርቆት ታሰረ። እስር ቤት ውስጥ መዝገበ ቃላት በእጁ እየገለበጠ ቋንቋውን አሻሻለ፤ ታሪክ አነበበ፤ ክርክር ተለማመደ። በ1952 ከተፈታ በኋላ የኔሽን ኦፍ ኢስላም ሰባኪ ሆነ። የዚህ ድርጅት የዘር አስተምህሮ ከትክክለኛው ዐቂዳ የራቀ ነበር፤ ማልኮምም በማርች 1964 ለቀቀው።

በዚያው ወር ዋሽንግተን ሄዶ በሴኔቱ ስለ ዜጎች መብት ረቂቅ ሕግ የሚደረገውን ክርክር ተከታተለ። ከማርቲን ሉተር ኪንግ ጋር በሕይወቱ አንዴ ብቻ የተገናኘውም እዚያ ነው። በሚቀጥለው ወር በክሊቭላንድና በዲትሮይት ባደረገው ታዋቂ ንግግሩ ሕጉ ለምን እንደተጓተተ ለተራው ሰው አስረዳ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በደቡብ ግዛቶች ጥቁሮች እንዳይመርጡ በፈተና፣ በክፍያና በዛቻ ይከለከላሉ። ስለዚህ መድልዎን የሚደግፉት የደቡብ ተወካዮች ደጋግመው ይመረጣሉ። በኮንግረስ ደግሞ የኮሚቴ ሰብሳቢነት ይሰጥ የነበረው ረጅም ዘመን ላገለገለ ነበር። ረቂቁ ከኮሚቴ ቢያልፍ እንኳ በሴኔት ንግግር እያራዘሙ ድምፅ እንዳይሰጥበት ያደርጋሉ፤ ይህን ለማስቆም የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ በሚሲሲፒ የተነጠቀው ድምፅ የሚጎዳው ኒውዮርክ ያለውንም ጥቁር ነበር። ማልኮም ሕዝቡ ይህን ተረድቶ እንዲመዘገብና ድምፁን ለማን እንደሚሰጥ እንዲያውቅ አሳሰበ።

ከዚያ ሐጅ አደረገ። የተለያየ ቀለም ያላቸው ሙስሊሞች አብረው ሲሰግዱ፣ አብረው ሲበሉ ማየቱ ስለ ዘር የነበረውን አመለካከት ለወጠው። የወገኖቹን በደል በካይሮ ለተሰበሰቡት የአፍሪካ መሪዎች አቀረበ፤ አዲስ አበባንም ጎበኘ።

ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1965 ኒውዮርክ ውስጥ በ39 ዓመቱ ተገደለ። የመምረጥ መብትን የሚያስከብረው ሕግ የጸደቀው ከሞቱ ስድስት ወር ገደማ በኋላ ነው።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! እኛም መብታችን ተነካ ስንል ውሳኔው የት እንደተላለፈ፣ ማን እንደፈረመበት፣ በየትኛው አንቀጽ እንደሚሻር ስንቶቻችን እናውቃለን? ማሽኑን ያላወቀ ብልሽቱን አይጠግንም። ሕገ መንግሥቱንም የግቢያችንንም ደንብ ማንበብ ከኢልም የሚቆጠር፣ ለሐቅ ለመቆምም የሚያስፈልገን ነው።

አላህ ይዘንለት፤ እኛንም አውቀው ከሚሠሩት ያድርገን። አሚን!